ነፃ የክላውድ ሰርቨር ከጎንደር፦ አከፋፈቱ፣ አጠቃቀሙና ገደቡ

አክስቴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ፔንሲዮን አላት። ገና ካለፈ ጀምሮ እስከ ከተራ ድረስ ስልኳ አያርፍም። «ለጥር 10 ክፍል ይኖራል?» «አዳሩ ስንት ነው?» «መኪና ማቆሚያ አለው?» ጥያቄው ሦስት ነው፣ ጠያቂው ግን መቶ። ይህን የሚመልስ የቴሌግራም ቦት ጻፍኩላትና ቤቴ ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስነሳሁት። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ወዲያው ይጠፋል፣ ላፕቶፑ አርባ ደቂቃ ቆይቶ ይከተለዋል። ቦቱ ዝም ባለ ቁጥር እንግዳው ወደ አክስቴ ይደውላል፣ አክስቴ ደግሞ ወደ እኔ። «አንተ፣ ያ ልጅህ ደግሞ ተኛ» ትለኛለች።

ስለዚህ ቦቱን መብራት ወደማይጠፋበት ቦታ ማዛወር ነበረብኝ፤ ያውም ያለ ወርሃዊ ክፍያ። ክላውድ ሰርቨር የሚባለው ሌላ አገር ባለ የኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ማሽን ተሸንሽኖ የሚሰጥ፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምታዙት ኮምፒውተር ነው። ትንንሾቹን ድርጅቶቹ በነፃ ይሰጣሉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ የሰው ሰርቨር ግን ያደምቃል፣ መልሱ ባሏችሁ ቀን መመለስ እስከቻላችሁ ድረስ። ከታች ያለው እኔ የሄድኩበት መንገድ ነው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ለኮምፒውተር ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የምትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ለኩ

ሰርቨር ከመክፈታችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ማታ ማሽኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢጠፋ ነገ ጠዋት ምን ይደርሳል? መልሱ «ሁለት ሦስት ሰዓት እቸገራለሁ» ከሆነ ቀጥሉ። «ሱቁ አይከፈትም» ወይም «የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ ይጠፋል» ከሆነ ነፃውን ተዉትና በወር ጥቂት ዶላር ክፈሉ። ነፃ ማሽን ላይ ያለ ሥራ ሲቆም ስልክ አንስቶ «ምን ሆናችሁ?» የምትሉት ሰው የለም፤ የደንበኛ ድጋፍ የከፋይ መብት ነው።

ቴሌግራም ቦት፣ ቀለል ያለ ድረ ገጽ፣ በየሌሊቱ የሚነሳ ስክሪፕት፣ ሊኑክስ (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ስርዓተ ክወና) መለማመጃ፣ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ። ቪዲዮ ማሰራጨት አይሆንም። የራስ ኢሜይል ሰርቨርም አይሆንም፤ ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን ፖርት 25 ወደ ውጭ እንዳይሠራ ትልልቆቹ ድርጅቶች በአይፈለጌ መልእክት ምክንያት ዘግተውታል። ክሪፕቶ ማምረትማ አይታሰብ፣ አካውንቱን ያዘጋል።

ማን ምን ይሰጣል

«ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ የጊዜ ገደብ የሌለው ነው፤ ሌላው የመቅመሻ ገንዘብ ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል። ማስታወቂያው ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያቀርብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጉግል ክላውድ በየወሩ አንድ «ኢ2 ማይክሮ» የሚባል ማሽን ይሰጣል፤ 1 ጊጋ ራም፣ 30 ጊጋ ዲስክ፣ ከማሽኑ ወደ ውጭ የሚወጣ 1 ጊጋ ዳታ። ሪጅኑ (ማሽኑ የሚቀመጥበት አካባቢ) ከሦስት አንዱ መሆን አለበት፦ ኦሪገን፣ አዮዋ ወይም ሳውዝ ካሮላይና። ከእነዚህ ውጭ ከከፈታችሁ ያው ማሽን ይከፈልበታል። ከዚህ ለብቻው ለአዲስ ደንበኛ ለ90 ቀን የሚሠራ 300 ዶላር ይሰጣል። ማሽኑ ሁለት ሲፒዩ እንዳለው ይታያል፤ ሳያቋርጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን የአንድን ሲፒዩ ሩብ ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ይሮጣል፣ ከዚያ ይታነቃል።

ኦራክል ለዓመታት ከሁሉም ለጋስ ሆኖ የቆየው ነው። እያንዳንዳቸው 1 ጊጋ ራም ያላቸው ሁለት ትንንሽ ማሽኖች፣ እንዲሁም አርም በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት እስከ 4 ኮርና 24 ጊጋ ራም፣ 200 ጊጋ ዲስክ፣ በወር 10 ቴራባይት ወጪ ዳታ። ጆሃንስበርግም ሪጅን አለው። መንገዱ ላይ ግን ሦስት እሾሆች አሉ። ስትመዘገቡ የመረጣችሁት መነሻ ሪጅን በኋላ አይቀየርም። የአርም ማሽኑን ስትጠይቁ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ለቀናት ሊያንገላታችሁ ይችላል። ሦስተኛው የሚገርም ነው፤ ማሽኑ ሥራ ፈት ከሆነ ይወሰድባችኋል። መለኪያው የ7 ቀን የሲፒዩ፣ የኔትወርክና (በአርም ላይ) የራም አጠቃቀም ከ20 በመቶ በታች መሆኑ ነው። እንደ አክስቴ ቦት ያለ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ ሥራ በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አካውንቱን ወደ «በተጠቀሙት ልክ ክፍያ» መለወጥ ከዚህ ያድናል፣ ነፃው ድርሻም ነፃ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ከድርሻው ያለፈ ነገር ሁሉ ግን ከካርዳችሁ ይቆረጣል።

አማዞን የድሮውን የ12 ወር ነፃ ማሽን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2025 እና ከዚያ ወዲህ ለተከፈቱ አካውንቶች አስቀርቶታል። አሁን ሲመዘገቡ 100 ዶላር፣ የተወሰኑ መለማመጃዎችን ሲጨርሱ እስከ 100 ዶላር ተጨማሪ ይሰጣል፤ ነፃው ዕቅድ ስድስት ወር ሲሞላው ወይም ገንዘቡ ሲያልቅ ያበቃል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት አሮጌ ትምህርቶች ገና «750 ሰዓት በየወሩ» ይላሉና አትመኗቸው። ማይክሮሶፍት አዙር 200 ዶላር ለ30 ቀን፣ እንዲሁም ለ12 ወር በየወሩ 750 ሰዓት ትንሽ ማሽን የሚሰጥበት አሠራር አለው። የ750 ትርጉም ቀላል ነው፤ 31 ቀን በሰዓት ሲቆጠር 744 ነው። አንድ ማሽን ወሩን ሙሉ ይቆማል፣ ሁለት ከከፈታችሁ በ16ኛው ቀን ሰዓቱ አልቆ ሒሳቡ ይጀምራል።

ድርጅቶቹ ይህን ሁሉ በፈለጉ ጊዜ ይለውጣሉ። በምትከፍቱበት ቀን የየድርጅቱን የነፃ አገልግሎት ገጽ አንብቡ። እኔ ለቦቱ የመረጥኩት ጉግልን ነው፤ ማሽኑ ደካማ ቢሆንም ሥራ ፈታህ ብሎ አይነጥቅም።

ካርዱ

እውነቱን ለመናገር፣ ከጎንደር ሆኖ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ሁሉም የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ። የሚፈልጉት ማንነትን ለማረጋገጥ ነው፤ 1 ዶላር አካባቢ ይዘው ይመልሳሉ። ግን በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ ተራ የኤቲኤም ካርድ አይሠራም። ለውጭ አገር የኦንላይን ክፍያ የተፈቀደለት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ባንካችሁ ሄዳችሁ ስትጠይቁ «ኢንተርናሽናል ካርድ አላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ እኔ እንዲህ ብዬ ጠይቄ «አዎ» ያለኝ ባንክ የሰጠኝ ካርድ ውጭ አገር ፖስ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን የተዘጋ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ኢንተርኔት ላይ በዶላር መክፈል ይችላል? ተከፍቶልኝ ነው የሚሰጠኝ?» በሉ።

ቅድመ ክፍያ ካርድና በስልክ የሚወጣ ጊዜያዊ ካርድ ኦራክል እንደማይቀበል በግልጽ ጽፏል፤ ሌሎቹም ዘንድ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስማችሁ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ አገር በሚለው ላይ ያላችሁበትን ሙሉ። ቪፒኤን ከፍቶ መመዝገብ ነገር መፈለግ ነው፤ የካርዱ አገር ኢትዮጵያ፣ የኮኔክሽኑ አገር ሆላንድ ሲሆን ሲስተሙ አጭበርባሪ ያያችኋል። ቴሌግራም ቻናል ላይ «የተከፈተ አካውንት» የሚሸጡ አሉ። አትግዙ። የአካውንቱ ባለቤት ኢሜይሉን የያዘው ሰው ነው፤ አንድ ቀን ተመልሶ ይገባና ከነሥራችሁ ይቆልፋል።

ካርድ ከሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ተማሪ ከሆናችሁ የማይክሮሶፍት የተማሪዎች ዕድል ካርድ ሳይጠይቅ 100 ዶላር ይሰጣል፣ የሚፈልገው የትምህርት ተቋም ኢሜይል ነው፤ ማራኪም ሆነ ቴዎድሮስ ካምፓስ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ይዛችሁ ሞክሩት። ሁለተኛው የጉግል ክላውድ ሼል ነው። ተራ ጂሜይል ይበቃዋል፣ ብራውዘር ውስጥ ሊኑክስ ተርሚናል ይከፍትላችኋል፣ 5 ጊጋ ማስቀመጫ አለው፣ በሳምንት 50 ሰዓት ይፈቅዳል። ቆሞ የሚያድር ሰርቨር አይሆንም፣ ጥላችሁት ስትሄዱ ይዘጋል፤ ግን ከዚህ በታች ያለውን የተርሚናል ሥራ አብዛኛውን መለማመድ ትችላላችሁ። እኔ ካርዱን ስጠብቅ የተማርኩት በዚያ ነው።

ማሽኑን መክፈት

ጉግል ክላውድ ላይ ገብታችሁ አዲስ ፕሮጀክት ፍጠሩ። ከዚያ ኮምፒዩት ኢንጂን የሚለውን ከፍታችሁ «ማሽን ፍጠር» በሉ። የሚመጣው ቅጽ ረጅም ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጡት ግን አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱ ላይ ረጋ በሉ።

ሪጅን፦ ከሦስቱ አንዱ። እኔ አዮዋን ይዣለሁ። ከጎንደር ሲደወል መልሱ ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል፤ ለቦት ማንም አያስተውለውም፣ ተርሚናል ላይ ስትጽፉ ግን ፊደሉ ከጣታችሁ ኋላ ኋላ ይላል።

የማሽን ዓይነት፦ ከኢ2 ተከታታይ ውስጥ «ማይክሮ»። ቅጹ ሲከፈት ራሱ የሚመርጥላችሁ ከዚህ ይተልቃል፤ ቀይሩት።

ዲስክ፦ ወጥመዱ እዚህ ነው። ቅጹ በራሱ የሚያስቀምጠው «ባላንስድ» የተባለውን ፈጣን ዲስክ ነው፣ ነፃው ግን «ስታንዳርድ» የሚባለው ብቻ ነው። ስታንዳርድን ምረጡ፣ መጠኑን 30 ጊጋ አድርጉ። ስርዓተ ክወናው ኡቡንቱ 24.04 ይሁን፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስለሆነ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይመጣለታል።

የዳታ ጥበቃ፦ በየቀኑ የዲስኩን ቅጂ ማንሳት በራሱ ተመርጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቅጂው ያስከፍላል። «ባክአፕ አይኑር» በሉት፣ የራሳችንን እናበጃለን።

በስተቀኝ በወር ሰባት ዶላር ገደማ የሚል ግምት ሲመጣ አትደንግጡ። ያ ግምት ነፃውን ድርሻ አይቀንስም፤ ቅናሹ የሚታየው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ላይ ነው። ፋየርዎል (ከውጭ የሚገባውን የሚያግደው አጥር) ላይ ያሉትን ሳጥኖች ለቦት አትንኳቸው፤ ቦቱ ራሱ ወደ ቴሌግራም ስለሚደውል ከውጭ የሚገባ በር አያስፈልገውም። ድረ ገጽ የምታስቀምጡ ከሆነ ብቻ ይከፈታሉ። (ኦራክል ላይ ድረ ገጽ አስቀምጣችሁ «አይከፈትም» ብላችሁ ራሳችሁን እንዳትነጩ፦ እዚያ በሩ ሁለት ነው፣ አንዱ በኮንሶሉ (ማሽኑን የምታዙበት የድርጅቱ ድረ ገጽ)፣ ሌላው በኡቡንቱ ውስጥ ባለው አይፒቴብልስ የተባለ ፋየርዎል። ሁለቱም መከፈት አለባቸው።)

አንድ ነገር ደግሞ፦ 90 ቀኑ ሲያልቅ አካውንቱን ወደ ሙሉ አካውንት ካላሳደጋችሁት ማሽኑ ይቆማል፣ ከ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ በኋላም ይሰረዛል። «ነፃ ነው ብለውኝ ለምን አጠፉብኝ» የሚል ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መግባትና መቆየት

ማሽኑ ሲነሳ ከጎኑ «ኤስኤስኤች» (ከርቀት ወደ ማሽኑ መግቢያ መንገድ) የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ተርሚናሉ እዚያው ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፣ ግን ለሞባይል ዳታ ይከብዳል። በራሳችሁ ኮምፒውተር «ኤስኤስኤች ኪጅን» ብላችሁ ሁለት ቁልፍ ፍጠሩ፤ የሕዝብ የሚባለውን ኮንሶሉ ላይ ለጥፉ፣ የግል የሚባለውን ለማንም አትስጡ። ከዚያ ከተርሚናላችሁ በቀጥታ ትገባላችሁ። በፓስወርድ መግባትን አትክፈቱ። ማሽኔ በተነሳ ማግስት የመግቢያ መዝገቡን ስመለከት የማላውቃቸው አድራሻዎች «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያሉ በር ሲያንኳኩ አድረዋል። በፓስወርድ የሚከፈት በር ከሌለ የሚገምቱት ነገር የለም።

አሁን በጎንደር መብራት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ኡቡንቱን እያሻሻልኩ ግማሽ ላይ ሳለሁ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ኮኔክሽኑ ተቆረጠ። ሰርቨሩ አዮዋ ስላለ አልጠፋም፤ እኔ የጀመርኩት ሥራ ግን ከእኔ ጋር ሞተ፣ የፓኬጁ ሲስተምም ተሰነካክሎ ቀረ። ለመጠገን ምሽቱን ፈጀሁ። መድኃኒቱ «ቲመክስ» የሚባል ፕሮግራም ነው። ገብታችሁ መጀመሪያ «ቲመክስ» ብላችሁ ክፈቱ፣ ሥራችሁን ውስጡ ሥሩ። መስመሩ ቢቆረጥ ሥራው እዚያው ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ገብታችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ የተዋችሁት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ያለዚህ ምንም ረጅም ትዕዛዝ አልጀምርም።

አንድ ጊጋ ራም

ሲፒዩ ቢደክም ሥራው ይዘገያል። ራም ሲያልቅ ግን ማሽኑ ይታፈናል፤ አንዳንዴ ኤስኤስኤቹም አይመልስም፣ ከኮንሶሉ ላይ አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ይሆናል። ከ1 ጊጋው ላይ ኡቡንቱ ራሱ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመጫናችሁ በፊት ስዋፕ አብጁ፤ ራም ሲሞላ ከዲስኩ ላይ የሚበደርበት ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በ«ኤፍ-አሎኬት» 2 ጊጋ ፋይል ፍጠሩ፣ በ«ሲኤችሞድ 600» ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርጉ፣ በ«ኤምኬስዋፕ» አዘጋጁት፣ በ«ስዋፕኦን» አብሩት፣ መጨረሻ ላይ «ኤፍኤስታብ» የተባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምሩ። የመጨረሻዋን ከረሳችሁ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ስዋፑ የለም። «ፍሪ ዳሽ ኤች» ብላችሁ አረጋግጡ።

ስዋፕ ራም አይሆንም፣ ዲስኩ ዝግተኛ ነው። ከመታፈን ያድናል እንጂ አያፈጥንም። ዎርድፕሬስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያና ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት አንድ ላይ ጭኜ ነበር፤ ገጹ ሲከፈት ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ። ለቦቱ የተጠቀምኩት የመረጃ ቋት ኤስኪውላይት ነው፤ አንድ ፋይል ነው፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ፕሮግራም የለውም፣ ራም አይበላም።

ቦቱ፣ እና የ1 ጊጋው ሒሳብ

ኮዱን ወደ ማሽኑ ካመጣችሁ በኋላ በእጅ አታስነሱት፤ ኡቡንቱ ውስጥ ፕሮግራሞችን ለሚያስነሳውና ለሚጠብቀው «ሲስተምዲ» ስጡት። አጭር የአገልግሎት ፋይል ትጽፋላችሁ፦ ፕሮግራሙ የት እንዳለ፣ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ፣ ቢሞት ዳግም እንዲያስነሳው («ሪስታርት» የሚለው ላይ «ኦልዌይስ»)። የቦቱን ቶከን (ቴሌግራም የሰጣችሁን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ኮዱ ውስጥ አትጻፉት፣ ለብቻው ፋይል ላይ አድርጉት። በ«ሲስተምሲቲኤል ኢነብል» ካበራችሁት ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳ ቦቱ አብሮ ይነሳል።

አሁን ወደ ወጪ ዳታው። የሚቆጠረው ከማሽኑ የሚወጣው ነው፣ የሚገባው ነፃ ነው። ቦቱ ቴሌግራምን «አዲስ መልእክት አለ?» እያለ ይጠይቃል። መጀመሪያ የጻፍኩት በየሰከንዱ የሚጠይቅ ነበር። ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። እያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መስመር እየከፈተ 1 ኪሎባይት ያህል ቢያወጣ በቀን 86 ሜጋ፣ በወር 2.6 ጊጋ ይሆናል። አንድ እንግዳ እንኳ ሳይጽፍ የወሩ ድርሻ በ12ኛው ቀን ያልቃል ማለት ነው! ያስተካከልኩት በአንድ ቁጥር ነው። ቴሌግራምን ስትጠይቁ «ታይምአውት» የሚባል አለ፤ 50 ስትሉት ቴሌግራም መስመሩን ይዞ እስከ 50 ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልእክት ከመጣ ወዲያው ይመልሳል፣ ካልመጣ ባዶ ይመልሳል። ጥያቄው በቀን ወደ 1,728 ወረደ፣ ወጪው በወር 52 ሜጋ ገደማ። እንግዳው ልዩነቱን አያውቅም፣ እንዲያውም ይፈጥንለታል።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። ሰው ክፍሉን ማየት ይፈልጋል። 300 ኪሎባይት የሆኑ ሦስት ፎቶዎችን በቀን ለመቶ ሰው ብትልኩ 90 ሜጋ ነው፣ በወር 2.7 ጊጋ። መውጫው ይህ ነው፦ አንድ ፎቶ አንዴ ከላካችሁ ቴሌግራም የፋይል መለያ ቁጥር ይመልስላችኋል። ያን ቁጥር መዝግባችሁ ከዚያ በኋላ ፎቶውን ሳይሆን ቁጥሩን ላኩ፤ ፎቶውን ቴሌግራም ከራሱ ሰርቨር ያደርሰዋል። የአሥራ ሁለቱ ክፍሎች ፎቶ በሙሉ ከማሽኔ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የሰዓት ነገር

ሰርቨሩ የዓለም አቀፍ ሰዓት ይዞ ይነሳል፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ይዘገያል። በ«ታይምዴትሲቲኤል» ዞኑን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት። እንግዳ «በ3 ሰዓት እንደርሳለን» ሲል ግን ጠዋት ይሁን ማታ ሰርቨሩ ከየት ያውቃል? የእኛ 3 ሰዓት ማታ ለማሽኑ 21 ነው። ቦቱ ሁልጊዜ «ጠዋት ወይስ ማታ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ቀኑም እንደዚያው፤ ከውጭ የሚመጣው ጃንዋሪ 19 ይላል፣ ከደብረ ታቦር የሚመጣው ጥር 11 ይላል፣ ሁለቱም የሚሉት አንድ ቀን ነው። የእነሱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት ዓመት ግን ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ልወጣውን በእጅ አትሥሩት፣ የተፈተነ ላይብረሪ ተጠቀሙ።

ባክአፕ

ማሽኑ የሰው ነው፣ መረጃው የእናንተ ነው። ቦቴ በየሌሊቱ በእኛ 8 ሰዓት ላይ የኤስኪውላይቱን ቅጂ ያወጣል፣ በፓስወርድ ይጠቀልለዋል፣ ለእኔ ብቻ በተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ላይ ይልከዋል። ቦት እስከ 50 ሜጋ ፋይል መላክ ይችላል፤ የእኔ ገና 1 ሜጋ አልሞላም። ፋይሉን ቦቱ እየጻፈበት ሳለ በተራ ኮፒ አታንሱት፣ ሊሰበር ይችላል፤ ኤስኪውላይት ራሱ ያለውን የ«ባክአፕ» ትዕዛዝ ተጠቀሙ።

የእንግዳ መታወቂያና ፓስፖርት ፎቶ ግን በጭራሽ አላስቀምጥም። አክስቴ «ቀድመው ቢልኩልን ደብተር ላይ ከመጻፍ እገላገላለሁ» ብላኝ ነበር። ስምና ስልክ ይበቃል አልኳት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መያዝ ኃላፊነቱም አብሮ ነው፤ ነፃ ማሽን ላይ ያን ዓይነት ሸክም አይጫንም።

ሒሳቡን መጠበቅ

በመጀመሪያው ቀን የበጀት ማስጠንቀቂያ ክፈቱ፤ 1 ዶላር በሉት። ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ይልካል እንጂ ወጪውን አያቆምም፤ ማቆም የእናንተ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሒሳቡን ገጽ ክፈቱ፣ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የማየው።

ከስህተቴ ተማሩ። ሌላ ድርጅት ዘንድ የሞከርኩትን ማሽን ሰርዤ ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ለማሽኑ ይዤለት የነበረው ቋሚ የአይፒ አድራሻ ግን አልተሰረዘም ነበር፣ ለወር ሲቆጥር ኖሯል። ማሽን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩ፣ የዲስኩ ቅጂ፣ አድራሻው ለየብቻ ይቀራሉ። አማዞን ለምሳሌ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሕዝብ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ ትንሽ ትመስላለች፣ በወር 3.60 ዶላር ናት። አክስቴ ስትሰማ «ነፃ ነው አላልከኝም እንዴ?» አለችኝና ቡናዋን ቀዳች።

ኔት ሲቋረጥ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ሰርቨሩ ሌላ አገር ስለሆነ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ አበባ ያለ እንግዳ ለቦቱ ሲጽፍ መልስ ያገኛል። አክስቴ ግን አታየውም፣ እኔም አልገባም። ይህ ማለት ቦቱ ክፍል እያስያዘ ፔንሲዮኑ የማያውቅበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደንብ ጨመርኩ፦ አክስቴ በ24 ሰዓት ውስጥ «አየሁ» የሚለውን ካልነካች ቦቱ ማስያዝ አቁሞ የመስመር ስልኳን ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ጎንደር ለሚያገለግል ማንኛውም ቦት ይህን የመሰለ ነገር አብጁለት።

መልሱ ቢሏችሁ

ማሽኑ እንደሚወሰድ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ኮዱ ጊት (የኮድን ለውጥ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ላይ ይቀመጥ። የሠራችሁትን እያንዳንዱን ትዕዛዝ፣ ስዋፑንም የሲስተምዲውንም፣ አንድ ስክሪፕት ውስጥ ሰብስቡት። ቶከኑን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ መለማመድ ነው፦ እንግዳ በሌለበት ወር፣ እኔ ሐምሌን መረጥኩ፣ ማሽኑን ራሳችሁ አጥፉና በሌላ ድርጅት ላይ ከባዶ አንሱት።

የመጀመሪያው ልምምድ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ የሲስተምዲው ፋይል የትም እንዳልተቀመጠ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሁለተኛው 50 ደቂቃ ወሰደ፣ ከዚያ ውስጥ ሃያው መብራት እስኪመጣ የጠበቅሁበት ነው። አክስቴ ደውላ የጠየቀችኝ ስለ ሌላ ነገር ነበር።